ያልተቀላቀለ ውሃ

ማሞቂያውን መጨረሻው ላይ ያደረገው ባለቤቴ ነው። ይህን ስጽፍ እሱን መውቀሴ አይደለም። ባለፈው ሐምሌ አርፏል፤ ልውቀሰው ብል እንኳ አንጀቴ አይችልም። ነገሩ እንዴት እንደመጣ ጽፌ ላስቀምጠው ብዬ ነው። እሱንም ቀስ እያልሁ፤ አንዳንድ ቀን ሁለት መስመር፣ አንዳንድ ቀን ምንም።

ባሕር ዳር ሞቃት ከተማ ናት። ሙቅ ውሃ የሌለው ቤት አይቸገርም፤ ጣሪያ ላይ የተቀመጠው ሮቶ ራሱ ከሰዓት በኋላ ለብ ያለ ውሃ ያወርዳል። እኛም ብዙ ዘመን ያለ ማሞቂያ ኖረናል። ባለቤቴ የገዛው ለእናቱ ጉልበት ብሎ ነው።

አማቴ የቄስ ሚስት ነበሩ። ባላቸው በጣና ዳር ካሉት ደብሮች በአንዱ ሲቀድሱ ኖረው ካረፉ በኋላ ወደ እኛ ቤት መጡ። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ስኳርም አለባቸው። በየዓመቱ ፋሲካ ሲያልፍ ወንዛዬ ይወርዱና ፍል ውሃው ዘንድ ይሰነብታሉ። ሲመለሱ ምርኩዛቸውን እንደ ጃንጥላ በብብታቸው ይዘው ነበር የሚገቡት። በኋላ መንገዱ አንድ ሰሞን ክፍት፣ አንድ ሰሞን ዝግ እየሆነ መጣና ወንዛዬ ቀረ። እሳቸውም ጎበጡ። ያን ጊዜ ነው ባለቤቴ ያንን የማሞቂያ ነጭ በርሜል በባጃጅ ጭኖ የመጣው።

"እማዬ፣ ወንዛዬን አመጣሁልሽ" አላቸው።

አማቴ በርሜሉን በምርኩዛቸው ጫፍ ነካ አደረጉት። "ወንዛዬ በመብራት? አይ የኔ ልጅ፤ ቆጣሪ የሚቆጥረው ፈውስ!"

የሙቀቱ ማዞሪያ ከበርሜሉ ሥር፣ በትንሽ የፕላስቲክ ክዳን ውስጥ ናት። ባለቤቴ ክዳኗን በካቻቢቴ ፈትቶ ማዞሪያዋን እስከ ሰባ አምስት ዲግሪ፣ እምቢ እስክትል ድረስ ጠመዘዛት። ምክንያት ነበረው። መብራት ሲመጣ ሲሄድ ነው የሚውለው። በመጣበት ሰዓት ውሃው እስኪንተከተክ ከሞቀ፣ ጠፍቶ ቢያድር እንኳ በማግሥቱ ያገለግላል። "በደንብ እናሙቀው፤ ቀዝቃዛ መጨመር አያቅተንም" አለኝ። በሰፈራችን ማሞቂያ ያለው ሰው ሁሉ የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ቀዝቃዛ መጨመርን እሺ የማይሉት አማቴ ነበሩ። እሳቸው በለመዱት በወንዛዬ ሥርዓት ፍል ውሃ አይቀላቀልም። ሰው ይለምደዋል እንጂ፤ መጀመሪያ ጣቱን፣ ቀጥሎ ተረከዙን፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ይወርድበታል። ቀዝቃዛ ከገባበት ፈውሱ ይሄዳል ባይ ናቸው። ልጃቸው ቢለምናቸው፣ እኔ ብለምናቸው፣ የንስሐ አባታቸው ቢመክሯቸው አልሰሙም።

ስለዚህ ባለቤቴ ዘዴ አበጀ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አስቀድሞ መታጠቢያ ቤት ይገባና በሩን ይዘጋል። ሳፋዋን ከግማሽ በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ይሞላታል፤ ከዚያ ሙቁን ጥቂት በጥቂት እየጨመረ ክርኑን ይነክርበታል። ልክ ሲሆንለት ሳፋዋን ወደ ጎን ገፍቶ የሙቁን ቧንቧ ባዶው ወለል ላይ ይለቀዋል። ክፍሉ በእንፋሎት ይታፈናል፤ መስታወቱ ምንም አያሳይም። ያን ጊዜ በሩን ከፍቶ "እማዬ፣ ደርሷል!" ይላል። አማቴ ደፉ ላይ ቆመው እንፋሎቱን በእጃቸው ወደ ፊታቸው እየሳቡ "ወንዛዬ ነው፤ ራሱ ነው" ይሉ ነበር።

ታጥበው ሲወጡ ማንም አይችላቸውም። ያደግሁት ፔዳ፣ ዩኒቨርሲቲው አጠገብ ስለሆነ "አንቺ የፔዳ ልጅ" ነው የሚሉኝ። "አንቺ የፔዳ ልጅ፣ ይሄ ውሃ አንቺን ቢነካሽ እንደ ድንች ነው የሚልጥሽ።"

"እውነትዎ ነው እማማ፤ እኔ አልችለውም" እላቸዋለሁ።

"የት ትችይዋለሽ! አጥንት ይፈልጋል።"

ባለቤቴ ከኋላቸው ቆሞ ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን ይውጣል። በኋላ ለብቻችን ስንሆን እንፋሎቱን ሲስቡ እንዴት እንደሚሆኑ ያሳየኛል። ስቀናል። ስቀን ደግሞ፣ "እንዳትነግሪያት፤ ጉልበቷ እየተሻላት ነው" ይለኝ ነበር። እውነትም እየተሻላቸው ነበር።

እሱ ካረፈ በኋላ ሥራው ወደ እኔ መጣ። አርባው አልፎ አንድ ቅዳሜ፣ አማቴ ከአልጋቸው ጫፍ ተቀምጠው "ዛሬ ቅዳሜ አይደለም እንዴ?" አሉ። ከቀብሩ ወዲህ የጠየቁት የመጀመሪያ ነገር ነበር። ተነሥቼ መታጠቢያ ቤት ገባሁ፤ በሩን ዘጋሁ፤ ቀዝቃዛውን ቀዳሁ። ሙቁን ባዶ ወለል ላይ ስለቀው አለቀስሁ። የቧንቧው ድምፅ ጥሩ ነው፤ ሰው አይሰማም።

ልጅ አልወለድንም። እሱን በሕፃንነቱ ያየ፣ ሲናደድ ጆሮው እንደሚቀላ የሚያውቅ፣ ስሙን በቁልምጫ የሚጠራ ሰው በዚያ ቤት ውስጥ እሳቸው ብቻ ነበሩ። ከእሱ የቀረኝ እሳቸው ነበሩ ብል ማጋነን አይሆንም። እና ውሃውን ሳዘጋጅ እጄ ይጠነቀቅ ነበር። ሁለቴ፣ ሦስቴ ክርኔን እነክራለሁ።

አንድ ቅዳሜ ግን በሰፈራችን ለቅሶ ሆነ። እድራችን ያንድ ቤት ያህል ነው፤ በእኛም ጊዜ ድንኳኑን የተከሉ፣ ያደሩ፣ የዋሉ ሰዎች ናቸው። አለመሄድ አይታሰብም። አማቴ ጉልበታቸው ስላማቸው ቀሩ። "ስመለስ አዘጋጅልዎታለሁ" ብያቸው ወጣሁ። ከቀብር ወደ ድንኳኑ ተመልሰን ተቀመጥን፤ ጸሎቱ ረዘመ፤ እኔም እንደማንም ሰው እስኪያልቅ ቆየሁ።

ቤት ስገባ ኮሪደሩ በእንፋሎት ተሞልቷል። የመታጠቢያ ቤቱ በር ክፍት ነው። አማቴ በርጩማው ላይ ተቀምጠው፣ ቀሚሳቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው፣ ሁለቱንም እግራቸውን ሳፋው ውስጥ ዘፍቀዋል። ፊታቸው ወዝቷል። ደስ ብሏቸው ነበር።

"መጣሽ? ዛሬስ ራሴ አሰናዳሁት" አሉኝ። "መብራቱ ከሄደብን ብዬ። አንቺም እኮ ደክሞሻል፤ ልጄ።"

"ቀዝቃዛ ጨምረውበታል?"

"ምን ቀዝቃዛ? እሱ እንደሚያደርገው ነው ያደረግሁት።"

እጄን ሳፋው ውስጥ ሰደድሁና ጮኼ መለስሁት። እሳት ነው። ብብታቸው ሥር ይዤ ወደ ኋላ ሳብኋቸው፤ ሳፋው ተደፋ። እግራቸው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ድረስ እንደ በርበሬ ቀልቷል። የግራው ቆዳ ከተረከዙ በላይ ተልጦ ተነሥቷል፤ ከሥሩ ነጭ ነው።

"ምን ሆንሽ? ምን ያስጮህሻል?" አሉኝ። እግራቸውን እያዩት ነው የሚጠይቁኝ። "አንቺን አቃጠለሽ? አላልኩሽም፤ አትችይውም ብዬሽ።"

አላመማቸውም። እስከ ዛሬ ዓይኔን ስጨፍን የሚመጣብኝ ይህ ነው፤ ምንም አላመማቸውም።

ክሊኒክ ወሰድኋቸው። ቁስሉን ያጠበችው ሲስተር እግራቸውን በመርፌ ጫፍ ነካ ነካ እያደረገች "እዚህ ጋ ይሰማዎታል? እዚህስ?" ትላቸዋለች። እሳቸው ደግሞ "ምን አድርገሽ ነው የምትጠይቂኝ?" ይላሉ። ሲስተሯ ወደ እኔ ዞረች። ስኳሩ የእግራቸውን ስሜት ወስዶታል፤ ከወሰደውም ቆይቷል አለችኝ። እንዲህ ያለ እግር ያለው ሰው የውሃውን ሙቀት ራሱ አይለካም፤ ሌላ ሰው ይለካለት። ውሃው ከገላ ሙቀት እምብዛም አይለፍ፤ እግሩም ብዙ አይዘፍዘፍ፤ ከታጠበም በኋላ በጣቶቹ መሐል ሳይቀር ይድረቅ። ከዚያ የግራ እግራቸውን ትንሿን ጣት አሳየችኝ። ጫፏ ጠቁሯል። "ይቺ ልትተርፍ ትችላለች። አንድ ጊዜ ደግሞ ከተቃጠለች ግን አትተርፍም፤ እግሩም አስጊ ይሆናል።"

በማግሥቱ የመብራት ሠራተኛ አስመጣሁ። ለዓመታት የሰፈሩን ቤት ሁሉ ሲጠግን የኖረ ጎልማሳ ነው። መጀመሪያ ብሬከሩን አወረደ፤ ቀጥሎ በቴስተር ፈትሾ መብራት አለመኖሩን አየና የፕላስቲክ ክዳኗን ፈታት። ማዞሪያዋን ሲያይ ሳቀ።

"እትዬ፣ ይሄ የዶሮ ላባ መንጫ ነው እኮ! ማነው እዚህ ድረስ ያጠበቀው?"

"ባለቤቴ።"

ካቻቢቴውን እንደያዘ ቆመ። "ነፍሱን ይማር። አፌን ይቁረጠውና ... የኔም ቤት እንዲሁ ነው፤ እውነቴን ነው። መብራቱ መች ሌላ ያስደርጋል።"

"ዝቅ አድርግልኝ። ሰው የማያቃጥልበት ቦታ።"

"ሃምሳ ላይ ላድርገው። ሰባ አምስት ሲሆን ሰው እጁን እስኪመልስ እንኳ አይጠብቀውም፤ ወዲያው ነው የሚልጠው። ሃምሳ ፋታ ይሰጣል።"

"ሲስተሯ ከገላ ሙቀት እምብዛም አይለፍ ብላኛለች። ለምን አርባ አታደርገውም?"

"በርሜሉ ውስጥማ እንደዚያ ማድረግ ጥሩ አይደለም። ለብ ብሎ ከተኛ ጀርም ያፈራል፤ እሱ ደግሞ ሌላ በሽታ ነው። በርሜሉ ይሙቅ፤ የሚቀዘቅዘው ከበርሜሉ ከወጣ በኋላ ነው። ራሷ ቀዝቃዛ እየቀላቀለች የምታወጣ ቫልቭ አለች፤ እሷን ካገኙ ልግጠምልዎት። እስከዚያው በእጅ መቀላቀል ነው።"

ማዞሪያዋን ወደ ግራ አዞራት። እምቢ ያለች መሰለኝ፤ ከዚያ ጠቅ ብላ ዞረች። ያን ድምፅ ስሰማ ወንበር ፈለግሁ። ባለቤቴ በእጁ አድርጎት እስከዚያ ቀን ማንም ያልነካው ነገር ነበር፤ አሁን ያም የለም። ሠራተኛው አላየኝም፤ ክዳኗን እየገጠመ ነው። "ውስጥ ያለው ውሃ እስኪቀየር ድረስ ያው እሳት ነው፤ ዝቅ አደረግሁት ብለው እንዳይዘናጉ" አለኝ።

ቫልቯን ፍለጋ ገበያ ወጣሁ። የቧንቧ ዕቃ ከሚሸጡት ሱቆች በአንዱ፣ ከአባቷ ጋር የምትነግድ አንዲት ሙስሊም እህት ስለምን እንደምጠይቅ ገባት፤ በመጋረጃ ጀርባ ላሉት አባቷ ጮኻ ነገረቻቸው። "ወላሂ እህቴ፣ እሷን የሚጠይቀን ሆቴል የሚሠራ ሰው ብቻ ነው" አሉኝ አባትየው ወጥተው። "ለቤት ብሎ የጠየቀኝ የለም። ለማን ነው?"

"ለአማቴ።"

"አላህ ያሽርልሽ" አሉኝ። ከአዲስ አበባ ዕቃ ሲመጣ እንደሚያስመጡልኝ ነግረውኛል። መንገዱ እስኪከፈት ነው።

ቁስሉ መዝጋት ሲጀምር ሲስተሯ ለብ ባለ ውሃ እንድለቀልቀው ፈቀደችልኝ። ሳፋዋን አልጋቸው ድረስ ወሰድሁላቸው። መታጠቢያ ቤት ወስጄ እንፋሎት የምለቅበት አቅም አልነበረኝም፤ ሃምሳው ዲግሪም እንደ ድሮው አያጨስም። አማቴ ውሃውን ቁልቁል አዩት። ምንም አልወጣበትም፤ ዝም ያለ ውሃ ነው። ጣታቸውን ነክረው አወጡ።

"ይሄ የግንዘት ውሃ ነው" አሉኝ።

ሐምሌ ላይ እሱን ያጠቡበት ውሃ ለብ ያለ ነበር። እኔ ነበርሁ ያሞቅሁት።

"ልጄ እያለ እንዲህ ያለ ውሃ አልቀረበልኝም። እሱ ሲያዘጋጅልኝ አቃጥሎኝ ያውቃል? ዓመታት ስነከርበት አንድ ቀን አቁስሎኝ ያውቃል? እጁ ላይ ጸጋ ነበረ። ጸጋው ከእሱ ጋር ሄደ፤ ውሃው እሳት ሆነ። አሁን ደግሞ አንቺ በረዶ አደረግሽው።"

"ሲስተሯ ናት ያዘዘችው እማማ።"

"ሲስተሯ ወንዛዬን አታውቀውም። ወይ ውሰጂኝ፣ ወይ አሙቂልኝ።"

እግራቸውን ሳያስነኩኝ ወደ አልጋው መለሱት። እንዲህ ሆነን ሰነበትን። ለብ ባለ ውሃ አልታጠብም ይላሉ፤ እኔ የሞቀ አልሰጥም እላለሁ። ቁስሉ በፋሻ ጠርጌ የማደርሰውን ያህል ብቻ ነው የሚጸዳው። ሲስተሯ ሽታውን አልወደደችውም።

ከዚያ አንድ ጠዋት ወጥ ቤት ገብቼ አገኘኋቸው። በምርኩዛቸው ተደግፈው፣ በፋሻ እግራቸው ቆመው፣ ከምድጃው ላይ የፈላ ማንቆርቆሪያ ሊያነሡ እጃቸውን ዘርግተዋል። ሳፋዋ ከእግራቸው አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች። ማንቆርቆሪያውን ነጠቅኋቸው።

"ስጪኝ" አሉ።

"አልሰጥም።"

"ልጄን ቀበርሁ። እሱ የሰጠኝን ውሃ እንኳ ልትከለክይኝ ነው?"

ማሞቂያውን ዝቅ ማድረግ ይቻላል። ምድጃውን ግን ምን አደርገዋለሁ? ማንቆርቆሪያውን ብደብቅ ድስት አለ። ለገበያ በወጣሁ ቁጥር፣ ለቤተ ክርስቲያን በወጣሁ ቁጥር፣ የዚያችን ጣት ጉዳይ ለዕድል ትቼ መውጣት ነው። አማራጭ የለኝም ብዬ አሰብሁ። አሁንም ቢሆን ሌላ አልታየኝም።

"እማማ" አልኋቸው፤ "እሱም ይቀላቅል ነበር።"

"ማን?"

"ልጅዎ።"

"ምኑን?"

"ውሃውን። እርስዎን ሳይጠራ በፊት ቀዝቃዛ ይቀዳበት ነበር። ሁልጊዜ።"

"ውሸት ነው።"

"በክርኑ እየለካ። እኔም እሱ ካረፈ ወዲህ እንደሱ ነው የማደርግልዎት። እግርዎን ያልተቀላቀለ ውሃ ውስጥ የነከሩት ያን ቅዳሜ ብቻ ነው።"

በምርኩዛቸው እንደተደገፉ አዩኝ። "እንፋሎቱስ?"

"ሙቁን ወለሉ ላይ ይለቅልዎት ነበር። እርስዎ እንዲያዩት።"

ቢያለቅሱ፣ ቢሰድቡኝ፣ ምርኩዙን ቢያነሡብኝ ተዘጋጅቼ ነበር።

"ስቃችሁብኛል እንግዲህ" አሉ። "ሁለታችሁም።"

"አልሳቅንም።"

"ስቃችኋል። እኔ ወልጄዋለሁ፤ አውቀዋለሁ። ይስቃል።" ቀጥለውም፣ ለእኔ ይሁን ለሌላ ሰው ባላውቅም፣ "ጉልበቴ ግን ተሽሎኝ ነበር" አሉ።

"ተሽሎዎት ነበር።"

"ታዲያ በምን ተሻለኝ?"

ወደ አልጋቸው ደግፌ መለስኋቸው፤ በመንገድ ላይ ክንዳቸው ከወትሮው ይልቅ የከበደኝ መሰለኝ።

ጣቷ ተርፋለች። ቁስሉም ዘግቷል፤ ሲስተሯ አመስግናኛለች። በቤታችን አሁን ማንም አይቃጠልም። በርሜሉ ሃምሳ ላይ ነው፤ ቀዝቃዛውን አስቀድሜ እቀዳለሁ፤ በሩን መዝጋት አያስፈልገኝም፤ ማንቆርቆሪያውም በቦታው ነው፤ የሚነካው የለም። ሁሉም ነገር መሆን እንዳለበት ሆኗል። አማቴ ግን ወንዛዬን አያነሡም። ጎረቤት መጥቶ መንገዱ ተከፍቷል ቢላቸው "ይሁን" ብለው ይተዉታል። የፔዳ ልጅ አይሉኝም፤ በስሜ ነው የሚጠሩኝ። የእሱንም ስም በቁልምጫ አይጠሩትም። "ልጄ" ይሉ የነበረውን አሁን "ባልሽ" ይላሉ።

ባለፈው ቅዳሜ ሳፋዋን ፊታቸው አስቀመጥሁ።

"እማማ፣ ሙቀቱ ልክ ነው? ቀዝቅዞ እንደሆነ ትንሽ ልጨምር።"

"እኔ ምን አውቄ። እግሬ አይነግረኝም።"

"በእጅዎ ይዩት።"

"አንቺ ታውቂያለሽ።"

"በረዶ ነው ይበሉኝ እንጂ እማማ። ይቆጡኝ።"

"ምን ብዬ ልቆጣሽ፤ እንዳደረግሽው ይሁን።"

ጎንበስ ብዬ የግራ እግራቸውን በሁለት እጄ አነሣሁና ውሃው ውስጥ አስቀመጥሁላቸው፤ ቀጥሎም የቀኙን። እሳቸው ወደ ግድግዳው ይመለከቱ ነበር። እግራቸው ውሃ ውስጥ መግባቱን እንኳ አላወቁም።